የ0.8 ሜጋ ፓስካል ኮምፕሬሰር የ830 ኪሎ ፓስካል ጎማ ይሞላል ወይ?

የተጠየቀው ባጭሩ ይኸ ነው፦ «ደብረ ማርቆስ ጎሚስታ ነኝ። አዲስ ኮምፕሬሰር ገዝቼ ጌጁ ከ0 እስከ 1.6 ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ሜጋ ፓስካል ነው አሉኝ። አሮጌው በፒኤስአይ ነበር። የጭነት መኪናው ጎማ ላይ 830 ኪሎ ፓስካል ተጽፏል፤ አንዱ ሾፌር 120 ሙላ ይለኛል፣ ሌላው ስምንት ከምናምን ይላል። የኮምፕሬሰሩ ሰሌዳ ደግሞ 0.8 ይላል። እንዴት ነው የምቀያይረው? አንድ የማውቀው ልጅም ማርቆስ ደጋ ስለሆነ ከቁጥሩ 25 ቀንስ አለኝ። ዓባይ በረሃ ለሚወርዱትስ ሌላ ሒሳብ አለው?»

ወንድማለም፣ ሁለቱም ሾፌሮች ልክ ናቸው፤ ጎማው ላይ የተጻፈውም ልክ ነው። 830 ኪሎ ፓስካል፣ 120 ፒኤስአይ፣ 8.3 ባር፣ 0.83 ሜጋ ፓስካል ሁሉም አንድ ግፊት ነው። ልክ ያልሆነው ከዚህ ጎማ ጋር የተገናኘው ኮምፕሬሰር ነው። 0.8 ሜጋ ፓስካል 116 ፒኤስአይ ነው፤ ስለዚህ ማሽንህ ሌሊቱን ሙሉ ቢያጓራ 120 አይደርስም። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። 25 ቀንስ ያለህን ልጅ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ 25 ምን? 25 ፒኤስአይ ከሆነ ከአውቶሞቢል ጎማ ላይ አብዛኛውን ንፋስ ወሰድህበት። 25 ኪሎ ፓስካል ከሆነ 3.6 ፒኤስአይ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን አትቀንስም፤ ግን ልጁ ቁጥሩን ከሜዳ አላመጣውም፣ ምንጩን አሳይሃለሁ።

ሒሳቡን ለመያዝ ባርን መሃል ላይ አስቀምጥ። 1 ባር 100 ኪሎ ፓስካል ነው፣ 10 ባር ደግሞ 1 ሜጋ ፓስካል ነው። በእነዚህ በሦስቱ መካከል ነጥብ ከማንሸራተት ሌላ ሥራ የለም፦ 830 ኪሎ ፓስካል ነጥቡን ሁለት ቤት ስታመጣው 8.3 ባር፣ ሦስት ቤት ስታመጣው 0.83 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። ቁጥሩ እንዲህ የሚበዛው ፓስካል ራሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ኒውተን ማለት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የተኛ አንድ የፎቶኮፒ ወረቀት ጠረጴዛውን የሚጫነው እንኳ 0.8 ፓስካል አካባቢ ነው። ለጎማ ሥራ ኪሎውና ሜጋው ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የሚያስቸግረው ፒኤስአይ ብቻ ነው፤ ዘሩ ሌላ ነውና። በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ የአንድ ፓውንድ ክብደት ነው። ፓውንዱ 0.4536 ኪሎ፣ ኢንቹ 2.54 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አንዱ ፒኤስአይ ሲመነዘር 6.895 ኪሎ ፓስካል ይመጣል፤ 1 ባር ደግሞ 14.5 ፒኤስአይ። ካልኩሌተር ከያዝህ በ14.5 አባዛ ወይም አካፍል፣ አለቀ። እጅህ ዘይት ከሆነ ግን ፒኤስአዩን በ7 አባዛውና ኪሎ ፓስካል በለው። 32 በ7 ሲባዛ 224 ነው፣ እውነተኛው 221 ነው። 120 በ7 ሲባዛ 840፣ እውነተኛው 827። ሁልጊዜ አንድ ተኩል በመቶ ያህል ያበልጣል፤ የጎማ ጌጆች ራሳቸው ከዚያ በላይ ስለሚሳሳቱ አያሳስብህም። አምራቹም 827ን ጠቅለል አድርጎ ነው 830 ብሎ ጎማው ላይ የሚያትመው።

ግድግዳህ ላይ ልትለጥፈው የምትፈልግ ከሆነ ይቺን ጻፍ፤ መጀመሪያ ፒኤስአይ፣ ቀጥሎ ባር፣ ከዚያ አዲሱ ጌጅህ ላይ የምታየው፦

28 — 1.93 — 0.19
32 — 2.21 — 0.22
36 — 2.48 — 0.25
80 — 5.52 — 0.55
100 — 6.89 — 0.69
110 — 7.58 — 0.76
120 — 8.27 — 0.83

አንድ የቆየ ሾፌር መጥቶ «ስምንት ኪሎ ሙላ» ቢልህ ደግሞ በካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፍ ኪሎ ማለቱ ነው። የድሮ የሩሲያ ማሽኖች ጌጅ በዚህ ነበር የሚቆጥረው። አንዱ ኪሎ 0.98 ባር ነው፤ ልዩነቱ ሁለት በመቶ ስለሆነ ለጎማ እንደ ባር ቁጠረው። ለቦይለርና ለላቦራቶሪ ቢሆን እንዲህ አልልህም።

አሁን ወደ ጌጅህ ግባ፤ ከመቀያየሩ ይልቅ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። አዲሱን ጌጅ ቀረብ ብለህ እየው። ከመሃሉ ዝቅ ብሎ በትንንሽ ጽሑፍ 2.5 ወይም 1.6 የሚል ብቻውን የቆመ ቁጥር ታገኛለህ። የጌጁ ደረጃ ነው፤ ከሙሉ ልኩ ስንት በመቶ ሊሳሳት እንደተፈቀደለት ይነግርሃል። ከምታነበው ቁጥር አይደለም፣ ከሙሉ ልኩ ነው። ሙሉ ልኩ 1.6 ሜጋ ፓስካል፣ ደረጃው 2.5 ከሆነ የተፈቀደለት ስህተት 0.04 ሜጋ ፓስካል ነው፤ በፒኤስአይ ስድስት ሊሞላ ምንም አይቀረው። 110 ለሚሞላ የጭነት ጎማ ስድስት ፒኤስአይ ይቻላል። 28 ለሚሞላ ትንሽ ጎማ ግን አንድ አምስተኛው ነው! ጌጁ 28 እያለህ ጎማው ውስጥ 22 ሊኖር ይችላል፣ 34ም ሊኖር ይችላል፤ ጌጁም ደረጃውን ጠብቋል፣ ማንም አይከሰስም። በዚያ ላይ እንዲህ ዓይነት ጌጅ ላይ ሰረዞቹ ብዙ ጊዜ በየ0.05 ናቸው፤ በአንዱና በሌላው ሰረዝ መካከል ሰባት ፒኤስአይ አለ። ጠቋሚው ራሱ ወፍራም ከሆነ እሱ ብቻውን አንድ ሁለት ፒኤስአይ ይሸፍናል።

ስለዚህ የኮምፕሬሰሩ በርሜል፣ ማለትም አየሩ የሚጠራቀምበት ጋን፣ ጌጅ የበርሜሉ ነው፤ በርሜሉ ውስጥ ስንት እንዳለ ይንገርህ። ጎማውን በእጅ መለኪያ ለካ፤ ለአውቶሞቢልና ለባጃጅ እስከ 60 ፒኤስአይ የሚቆጥር፣ ለጭነት ደግሞ እስከ 160 ወይም 200 የሚሄድ ሌላ ያዝ። አንድ መለኪያ ለሁሉም ማድረግ የሰፈር ጎሚስታ ሁሉ ልማድ ነው፤ የትንንሾቹን ጎማ የሚበላውም ይኸ ነው።

ቧንቧ ላይ ተጠምዝዞ የሚገጠም ጥርስ ያለው ጌጅ ካለህና እውነት ይናገር እንደሆነ ማወቅ ከፈለግህ ርካሽ መፈተሻ አለ። ፎቅ ላይ ሮቶ ያለው ሕንፃ ፈልግ። ከሮቶው ውስጥ ካለው ውኃ ፊት እስከ ጌጁ ድረስ ያለውን ቁመት በሜትር ለካ፣ ጌጁን ታች ካለው ቧንቧ ጋር እሰረው፣ ሌላውን ቧንቧ ሁሉ አዘጋና አንብብ። እያንዳንዱ ሜትር 9.8 ኪሎ ፓስካል ነው። 14 ሜትር ከሆነ 137 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 20 ፒኤስአይ ሊያሳይህ ይገባል። መስመሩ ከሮቶው ብቻ የሚመጣ ይሁን፣ ፓምፕ ወይም የከተማው ውኃ አብሮ እንዳይገባበት። ውኃው እየፈሰሰ ከሆነም አይሠራም፣ ቆሞ መሆን አለበት። ለታችኛው ልክ ከዚህ የተሻለ ነገር ማርቆስ ላይ ብዙ አታገኝም።

25 ወደሚለው ልጅ እንምጣ። አየር ክብደት አለው፤ ከፍ ባልህ ቁጥር ከላይህ የሚጫንህ አየር ይቀንሳል። ይህን መለኪያው በስሙ የተጠራለት ሰው፣ ፓስካል ራሱ፣ በ1648 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፦ የእህቱ ባል ፈረንሳይ ውስጥ ፒዩ ደ ዶም የሚባል ተራራ ላይ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ወጣ፣ ጫፍ ሲደርስ ሜርኩሪው ታች ከነበረው ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ 1,800 ሜትር ላይ 81 ተኩል ያህል ይሆናል። ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ስለሆነ 75 ነው። ባሮሜትር ያለው ስልክ ካለህ ክፈተውና 750 ከምናምን ሄክቶ ፓስካል ይልሃል (አሥሩ ሄክቶ አንድ ኪሎ ፓስካል ነው)፤ የአየር ጠባይ መተግበሪያው ግን ለዚያው ለማርቆስ ከ1,000 በላይ ሊጽፍልህ ይችላል፣ ምክንያቱም እሱ ወደ ባሕር ወለል መንዝሮ ነው የሚያወራው። ከ101 ላይ 75 ሲቀነስ 26፤ የልጁ 25 ከዚህ ነው የመጣችው።

ለጎማ ግን አትገባም። የጎማ መለኪያ ከባዶ አይደለም የሚቆጥረው፤ ዙሪያው ካለው አየር ተነስቶ በላዩ ስንት እንዳለ ነው የሚያነበው። ከጎማው ስታላቅቀው ዜሮ ላይ መቆሙ ምስክር ነው፤ አየሩ 75 ኪሎ ፓስካል እየተጫነውም ዜሮ ይላል። ፋብሪካው ጎማው ላይ 830 ሲል፣ መኪና አምራቹ በር ላይ 220 ሲል፣ ሁለቱም በዚህ አቆጣጠር ነው። መኪናውን ተሸክሞ የሚያቆመውም በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ማርቆስም ሆነ መተማ 32 ያው 32 ነው። የደም ግፊት 120 በ80 ሲባልም በዚሁ መንገድ ነው፤ ማርቆስ ላይ ሐኪሙ ምንም አይቀንስልህም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ልጁ ሳያውቀው ልክ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ጌጅህ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት፣ ግሊሰሪን የተሞላ ከሆነ፣ አናቱ ላይ ወይም ጀርባው ላይ ጥቁር የጎማ መወተፊያ አለው። ሲመጣ የታሸገ ነው፣ በመንገድ እንዳይፈስ። ባሕር ዳርቻ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ሲታሸግ የ101ን አየር ውስጡ ይዞ ይመጣል። ማርቆስ ስታመጣው ያ የታሰረ አየር በውስጡ ያለችውን የታጠፈች ቱቦ ከውጭ ይጫናታል፣ ጌጁም 26 ኪሎ ፓስካል ያህል አሳንሶ ያነባል። ምልክቱ ምንም ሳይገጠምበት ጠቋሚው ከዜሮ በታች ለመሄድ ሲፈልግ ማቆሚያዋን ተጭኖ መቀመጡ ነው። ብዙዎቹ ላይ መፍትሔው አንድ ምላጭ ነው፦ የመወተፊያዋን ጫፍ ቁረጥና አየር ታስገባ፤ አንዳንዱ ላይ «ዝግ» እና «ክፍት» የሚል ትንሽ መክፈቻ አለ። ጌጁን ቀጥ አድርገህ ከገጠምኸው በኋላ ነው የምትከፍተው፣ አለዚያ ግሊሰሪኑ ይፈስሃል። ጠቋሚው ወደ ዜሮ ተመልሶ ሲቆም ታያለህ። ከዚያ ወዲያ 25 ቀንስ፣ 25 ጨምር የሚባል ነገር የለም።

የዓባይ በረሃውን በቁጥር እንየው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሾፌሮች የሚያደርጉት ነገር ጎማ ያስጨርሳል። ከደጀን 2,400 ሜትር ተነስቶ ድልድዩ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ከ75 ወደ 89 ይወጣል። ደጀን ላይ ባዶውን የከደንኸው የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ተጨማዶ የምታገኘው ለዚህ ነው። ማርቆስ ላይ 120 የሞላህለት ጎማ ሙቀቱ ባይለወጥ ድልድዩ ላይ 118 ያነባል፤ 32 የሞላህለት ትንሽ መኪናም እንዲሁ 30። ከፍታው በራሱ የሚያመጣው ለውጥ ይቺው ሁለት ፒኤስአይ ናት፤ ለሁለቱም አንድ ያህል መሆኗን ልብ በል።

ሙቀቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጠዋት ማርቆስ 15 ዲግሪ ላይ የተሞላ፣ ታች 35 ዲግሪ ላይ የደረሰ የጭነት ጎማ 9 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ይህ የአየሩ ሙቀት ብቻ ነው። ቁልቁለቱን በፍሬን የወረደ መኪና ቸርኬው ሲግል፣ ጎማው ራሱ ሲተጣጠፍ፣ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ታዲያ ሾፌሩ ታች ቆሞ ጎማውን በመዶሻ ሲመታው ደረቅ ድምፅ ይሰማና «በዛበት» ብሎ ንፋስ ያወጣለታል። ጎሐ ጽዮን ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ያ ጎማ 110 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል፤ በጭነት ላይ ያነሰ ጎማ ጎኑ እየተጣጠፈ የበለጠ ይግላል፣ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ መንገድ ላይ ይፈነዳል፤ «በረሃው ውስጥ አብዝቼ ባወጣሁለት ይሻል ነበር» ብሎ ደግሞ በሚቀጥለው ጉዞ ይበልጥ ያወጣለታል። አምራቹ የጻፈው ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ ነው፣ ጎማው ሲግል እንደሚወጣም ታስቦበታል። ደንበኛህን ጠዋት ሳይነሳ ሙላለትና የጋለውን እንዳይነካው ንገረው። ደርሶ የመጣ ትኩስ ጎማ ወደ አንተ ሲመጣም ቁጥሩን አይተህ አታውጣ፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቁም።

ደግሞ ጎማው ላይ የተጻፈው 830 ያ ጎማ ከፍተኛውን ጭነት ሲሸከም የሚያስፈልገው ነው። ባዶ ለሚሄድ መኪና፣ ወይም ከኋላ ሁለት ሁለት ጎማ ለያዘ፣ ያነሰ ሊበቃው ይችላል። የመኪናውን ሰሌዳ ወይም ማኑዋል ሳታይ «ጎማው ላይ ያለው ነው» ብለህ ሁሉንም 120 አትሙላ።

አሁን ኮምፕሬሰሩ። ሰሌዳው ላይ 0.8 ካለ ማብሪያ ማጥፊያው በርሜሉ 0.8 ሲደርስ ያጠፋዋል፤ ወርዶ ወርዶ ደግሞ ከ0.6 አካባቢ ያስነሳዋል። ጎማ ውስጥ የሚገባው በርሜሉ ካለው በላይ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ እስከ 100 ላለው ሥራ ይበቃሃል፣ 110ንም በትዕግሥት ትሞላለህ፣ 120 ግን አይሆንም። ሰው በሚዞረው ቡሎን ማብሪያውን ጠበቅ አድርጎ ወደ 0.9 እና 1.0 ሲያወጣው አውቃለሁ፤ አታድርገው። በርሜሉ የተበየደው ለዚያ ልክ ነው። ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰውን መጠባበቂያ ቫልቭ በሽቦ ማሰር ደግሞ ከእብደት አይለይም። ግማሽ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ 0.83 ሜጋ ፓስካል ሲያርፍ 16 ቶን ተኩል ይገፋል። በርሜል ሲተረተር ወይም ባለ ቀለበት ቸርኬ ቀለበቱን ሲተፋ የሚወጣው ይኸ ነው። እንዲህ ዓይነት ቸርኬ ስትሞላ ረጅም ቱቦ ተጠቀም፣ ጎማውን በብረት አጥር ውስጥ አስቀምጠው፣ አንተ ከጎን እንጂ ከፊት ለፊቱ አትቁም።

ማርቆስ ላይ ማሽንህ ሻጩ ከነገረህ በላይ ቢዘገይና ቢግል ደግሞ አትጣላው። እዚያ የሚስበው አየር ስስ ነው፤ በአንድ ምት የሚገባለት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ነው። ወደ 8 ባር ለመድረስ ባሕር ወለል ላይ ያለው ማሽን አየሩን ዘጠኝ እጥፍ ይጨምቃል፣ ያንተው አሥራ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ። ልጁ ያላት 25 እውነተኛ ሥራዋን የምትሠራው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው። የውኃ ፓምፕም ላይ እንዲሁ፦ ሰሌዳው «መሳቢያ 8 ሜትር» ቢል፣ ማርቆስ ላይ አየሩ ውኃ ሊያነሳ የሚችለው በወረቀት ላይ 7.7 ሜትር ነው፣ በተግባር ደግሞ አምስት ስድስት። ወንዝ ዳር ፓምፕ አስቀምጦ «አልስብ አለኝ» የሚል ዘመድ ካለህ ማሽኑን ወደ ውኃው ዝቅ ያድርገው።

ሥራህ በብዛት የጭነት መኪና ከሆነ፣ ሁለተኛ ማሽን ስትገዛ ሰሌዳው ላይ 1.25 ሜጋ ፓስካል የሚል፣ በሁለት ደረጃ የሚጨምቅ ፈልግ፤ 12.5 ባር ነው፣ 181 ፒኤስአይ። ቱቦውና መጋጠሚያዎቹም ያንኑ የሚችሉ መሆናቸውን አብረህ እይ፤ አሁን ያለህ ቱቦ ላይ 10 ባር ተጽፎ ከሆነ ለአዲሱ ማሽን አይሆንም።